ፊት የለሹ ደረጃችን ላይ

ሌላው ልጅ ውሻ ይፈራል፣ መርፌ ይፈራል፣ የቁጡ መምህር ድምፅ ይፈራል። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን ግን የሁሉንም ድርሻ ጠቅልዬ ፈራሁት። ስሙ ፊት የለሹ ይባላል።

ፊት የለሹ ታላቅ ወንድሜ በካርቶን አጭቆ አልጋው ሥር በሚያስቀምጣቸው የሥዕል መጽሔቶች ውስጥ የሚኖር ወንጀለኛ ነው። ለዐይንና ለአፍ ብቻ የተቀደደ ቡናማ ጭንብል ያጠልቃል። እጁ ከጓንት አይለይም። ሲናገር ፊደሎቹ ራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ሠዓሊው ድምፁን እንድንሰማው ብሎ ነው እንደዚያ የጻፋቸው፤ እኔም እሰማው ነበር። ባንክ ይዘርፋል፣ ድልድይ ያፈርሳል፣ ባቡር ከነሰዉ ገደል ይከታል። መጨረሻው ላይ ጀግናው ደርሶ ማጅራቱን ይይዘዋል። እፎይ ብለን ሳንጨርስ ግን፣ በመጨረሻው ገጽ ታችኛ ጥግ ላይ ባለችው ትንሽ ሥዕል ውስጥ ጓንት ያጠለቀ እጅ ከወንዝ ብቅ ይላል። ወይ የእስር ቤቱ መስኮት ተገንጥሎ ይታያል። አንዴማ ዳኛው ፊት ቆሞ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ሲበራ የተከሳሹ ወንበር ባዶ ነው።

"ለምንድን ነው የማይቀጣው?" እለው ነበር ወንድሜን።

"ሞኝ! እሱ ከተቀጣ የሚቀጥለው ቁጥር ምን ይዞ ሊወጣ ነው?"

ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ብዙ የተማሩ ሰዎች ስለ ፍትሕ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ከወንድሜ መልስ የሚሻል ግን ገና አልሰማሁም።

የምንኖረው የአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። አባታችን የሞተው እኔ ጡት ሳልጥል ስለሆነ ቤቱ የእናቴ፣ የወንድሜና የእኔ ነበር። ደረጃው መስኮት የለውም፤ አምፖሉ ከተቃጠለ የሚቀይረው ስለሌለ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን በዳበሳ ነው የሚወጣው። እናቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነበረች። ማታ ስትገባ ፀጉሯ ላይ የጨርቅ ብናኝ እንደ ሽበት ይታይባት ነበር፤ እኔ ጉልበቷ ላይ ወጥቼ እለቅምላታለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልወድ ቁንጫ ትለኛለች። ቁንጫዬ ብሎ የሚጠራኝ የቤት ሰው ብቻ ነበር፤ የቤት ሰው ማለት ደግሞ እናቴ፣ ወንድሜና እትዬ ወፊቱ ናቸው።

እትዬ ወፊቱ በሥጋ አትዘመደንም። ከእናቴ ጋር እዚያው ፋብሪካ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የምትሠራ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን እየመታች ቀኑን ሙሉ ስለምታንጎራጉር ነው ወፊቱ ያሏት። እቤታችን ስትመጣ ከበሩ ጀምራ እየዘፈነች ትገባና ጉንጬን ቆንጥጣ ሳታሳብጠው አትለቀኝም።

ፋብሪካው የተቃጠለው እኔና ወንድሜ ከትምህርት ቤት ተመልሰን ዳቦ በሻይ እየነከርን ሳለ ነው። መጀመሪያ ያወቅነው ከሽታው ነው፤ የተለበለበ ፀጉር የሚመስል ሽታ በመስኮት ገባ። ወዲያው ጎረቤቶች በደረጃው እየተጋፉ ሲወርዱ ሰማን። እናቴ የመጣችው ሊመሽ ሲል ነው። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ፊቷ እንዳለ ጥቀርሻ ሆኖ ጥርሷ ብቻ ይታያል። ምንም ሳትናገር ልብስ የምናጥብበት ሳፋ ውስጥ ከነልብሷ ቁጭ አለች።

"ውኃ" አለች። ወንድሜ በጣሳ አፈሰሰባት። "ጨምር" አለችው። ጨመረ።

"እትዬ ወፊቱስ?" አልኳት።

"ሐኪም ቤት ናት።"

"መቼ ትመጣለች?"

"ጨምር" አለችው ወንድሜን።

በተከታዮቹ ሳምንታት የፋብሪካው ሴቶች እየመጡ ከእናቴ ጋር በሹክሹክታ ያወሩ ነበር። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜ የምሰማው ብጥስጣሹን ነው፦ ሰንሰለቱ፣ ቁልፉ፣ የኋላው በር። "ጨርቅ እንዳይሰረቅብኝ ብሎ ነው።" "ያን ሁሉ ሰው የፈጀው እሱ ነው።" "እሱ" ከማለት በቀር ስም አይጠሩም። ስሙ የማይጠራ፣ ሰው የሚፈጅ፣ ደግሞም ያልተያዘ አንድ ሰው ብቻ ነበር የማውቀው። በአንደኛው ቁጥር የሰዓት ፋብሪካ ከነሠራተኞቹ አቃጥሏል። "ፊት የለሹ ነው!" አልኩት ለወንድሜ። እሱ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሊስቅብኝ አፉን ከፈተና ተወው። የሚያውቀው ከእኔ የተሻለ አልነበረም።

እሳቱን ሆን ብሎ የለኮሰው ሰው የለም፤ ያረጀ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለውን የኋላ በር ግን በሰንሰለት ጠርቅሞ ቁልፉን ኪሱ የከተተው ሥራ አስኪያጁ ነበር። በዚያን ዕለት ጠዋት እናቴ የተቆረጠ ጨርቅ ተሸክማ ስትወጣ በዐይኗ አይታዋለች። በእሳቱ ሰዓት መቀስ ልታስል ታች ወርዳ ስለነበር ተረፈች። ይህንን ሁሉ የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው፤ እሱንም ቁርጥራጩን፣ አንዱን ልብስ እየተኮሰች፣ አንዱን የሐኪም ወረፋ ስንጠብቅ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ወንድሜ ኳስ ሊጫወት ቀርቶ ከትምህርት ቤት ብቻዬን ተመለስኩ። ደረጃውን ግድግዳ ግድግዳውን እየዳበስኩ ስወጣ፣ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ የሰው ትንፋሽ ሰማሁ። ከባድ ትንፋሽ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ አሸዋ የሚጎትቱ ይመስላል። ቀጥ አልኩ። ከታች በመጣ ትንሽ ብርሃን መጀመሪያ ያየሁት እጅ ነበር፤ የደረጃውን ብረት የያዘ፣ ጓንት ያጠለቀ እጅ። ዐይኔ ወደ ላይ ሄደ። ቡናማ ጭንብል። ሁለት ቀዳዳ ለዐይን፣ አንድ ቀዳዳ ለአፍ።

"ቁንጫዬ" አለ ድምፁ።

ስሜን ያውቃል! ሌላውን ሁሉ እችለው ነበር፤ ይህንን ግን አልቻልኩም። በአጠገቡ እንዴት እንዳለፍኩ አላውቅም። ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ፣ ወንበር ደገፍኩበት፣ ወንበሩ ላይ ድስት ጫንኩ፣ ከዚያ አልጋ ሥር ገብቼ ልብሴ ላይ ሸናሁ። በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ቆየና እንደገና። ኋላ ኮቴው እያነከሰ ወረደ።

ያ ሠዓሊ እንደሚያደርገው የሰው ልብ ማንጠልጠል አልወድምና አሁኑኑ ልናገር፤ እትዬ ወፊቱ ነበረች። ጭንብሉም ጓንቱም ጠባሳው እንዳያብጥ ሐኪም ቤት የሰጧት፣ ቆዳን አጥብቆ የሚይዝ ጨርቅ ነው። ቀንም ሌሊትም ማውለቅ የለባትም። ጉሮሮዋን ጭሱ በልቶታል። ከሐኪም ቤት እንደወጣች እኛን ልታይ መምጣቷ ነበር።

ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። "ለማንም እንዳትናገሪ" አለችኝ። "ለማንም። ሰምተሻል?" ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ፤ እናቴም ፈርታዋለች ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት እንግዳ መጣብን። በሩ ሲንኳኳ እናቴ "ማነው?" አለች፣ ሳትከፍት።

"እኔ ነኝ፣ አትደንግጪ" አለ የወንድ ድምፅ።

ሽቶው ቀድሞት ገባ። ግራጫ ሱፍ ለብሷል፤ ጫማው እንደ መስታወት ነው። ፊቱ ክብ፣ ልስልስ ብሎ የተላጨ፣ ፈገግታው የሕፃን። እንዲህ ያለ ፊት ክፉ ሰው ላይ እንደማይገኝ መጽሔቶቹ አስተምረውኛል፤ እዚያ ክፉ ሁሉ ወይ ጠባሳ አለው ወይ ጭንብል። በብብቱ ጥቅል ይዟል። ሲፈታው ወንድሜ "እ!" አለ፤ ያላነበብናቸው አዳዲስ ቁጥሮች፣ ቀለማቸው ገና የሚሸት!

"ልጆችሽ እነዚህ ናቸው?" አላት።

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"ተባርከሻል። ያለ አባት ማሳደግ ቀላል አይደለም።" ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። "ትምህርት ቤታችሁ ያ ከመናፈሻው ማዶ ያለው ነው አይደል?"

"አዎ!" አልን በአንድ አፍ።

"በእግራችሁ ነው የምትሄዱት?"

"በእግራችን!"

"ብቻችሁን?"

"ብቻችንን!" አልኩ እኔ፣ ትልቅ ሰው መሆኔን እንዲያውቅልኝ።

"ኧረ ተው! ያ መንገድ እኮ መኪናው አያድርስ ነው።" ራሱን ነቀነቀና እናቴን አያት። "ጥንቃቄ ነው የሚያዋጣው። አንዴ ከሆነ በኋላ ማን ይመልሰዋል?"

እናቴ ለእንግዳው የሻይ ብርጭቆ ይዛ ቆማለች፤ ሻዩ በጠርዙ እየፈሰሰ ጣቷን ያቃጥላታል፣ እሷ ግን የተሰማት አትመስልም። እንግዳ ስለምታፍር ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲህ የሚያስብልን ሰው መጥቶ እንዲህ መኮሳተሯ አናደደኝ።

"መኪናው እንኳን ምንም አያደርገንም" አልኩት። "ፊት የለሹ ነው እንጂ።"

"ማነው ደግሞ ፊት የለሹ?"

"እዚህ ደረጃችን ላይ ይመጣል። ጭንብል ያደረገ፣ ጓንት..."

ብርጭቆው ወለሉ ላይ ወድቆ ተሰበረ። "መጽሔቱ ነው፣ ጌታዬ!" አለች እናቴ ተቻኩላ። "ቀን ያነበበችው ማታ ያቃዣታል።"

"አይደለም! ስሜን እንኳ..."

"ዝም በይ!"

እናቴ ጮኻብኝ አታውቅም። ሰውየው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን፣ አንዴ በሩን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አገጬን ያዘ። ጣቱ ቀዝቃዛ ነበር። "አይዞሽ" አለኝ። "እሱን ማንም አይዘውም። አንቺን ግን ማንም አይነካሽም። እናትሽ ብልህ ሴት ናት።"

ሲሄድ እናቴ ስብርባሪውን ጠረገች። ወለሉ ከጸዳ በኋላም መጥረጓን አላቆመችም። ከዚያ መጽሔቶቹን ሰብስባ ወርዳ ቆሻሻ ውስጥ ጣለቻቸው። ወንድሜ ሰው እንደሞተበት አለቀሰ። "ምን አደረገሽ?" ስንላት፣ "እቤቴ አያድርም" አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም።

የእሳቱ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ተቃርቦ ነበር። በሩ ተቆልፎ እንደነበር የሚመሰክሩ አንድ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ የአንዷ ባል በድንገት ከሥራ ተባረረ፣ ሌላዋ ሰፈሯን ለቃ ጠፋች። እትዬ ወፊቱ ከሐኪም ቤት መውጣቷን ያ እንግዳችን፣ ሥራ አስኪያጁ፣ አያውቅም ነበር። ያን ዕለት አረፍተ ነገሬን ጨርሼ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር እናቴን አንድ ጊዜ ጠይቄያት አውቃለሁ። "እሱን ተዪው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ሥራ የለ ምን የለ፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ታደርሰናለች፣ ከሰዓት ትመልሰናለች። በመንገዱ ዳር ሳይሆን ግንቡን ተጠግተን እንድንሄድ ታደርገናለች። መኪና ከኋላችን ቀስ ሲል እጃችንን እስኪያመን ትጨብጣለች። እኔ ደግሞ ደረጃው ጋ ስንደርስ ዐይኔን ጨፍኜ ቀሚሷን ይዤ እወጣለሁ። ሁለታችንም በፍርሃት ቀጥነናል፤ የምንፈራው ግን አንድ ሰው አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ዳቦ ሊገዛ እንደወረደ፣ እኔ መኝታ ክፍል ሆኜ በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማሁ። ያ የደረጃው ላይ ድምፅ ቤታችን ውስጥ ነበር።

"እዚህ መጥቶ ነበር" ትላለች እናቴ። "እዚህ ወንበር ላይ።"

"ምን አለሽ?"

"ምንም አላለኝም። ልጆቼን አመሰገነልኝ።"

ከዚያ ያ ድምፅ፣ "እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስሰፋ ነበር፤ ማን እንደቆለፈው አላየሁም። ያየሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ካልተናገርሽ ማን ይናገር? እነዚያ ልጆች በሩ ሥር እንደ ጨርቅ ተከምረው..."

"ተይ!"

"እኔ ብተውስ እነሱ መች ይተዉኛል?"

"ልጆች አሉኝ እኮ፣ እህቴ።"

"እኔስ ለዚህ አይደል እንደ ሌባ እየተደበቅኩ የምመጣው?"

እኔ የሰማሁት "ልጆች ተከምረው" የሚለውን ነው። ሊከምረን ነው። ፍርሃት ሲበዛ መልሶ ድፍረት ይሆናል መሰለኝ፣ የመጥረጊያውን እንጨት አንስቼ ወጣሁ። "ልቀቃት! እናቴን ልቀቃት!"

ባለ ጭንብሉ ከወንበሩ ተነሳ። ሁለት እጁን ወደ ላይ አደረገ። "ቁንጫዬ፣ እኔ እኮ ነኝ" አለ፤ እጁንም ወደ ማጅራቱ ልኮ ማሰሪያውን ይፈታ ጀመር።

"አታውልቂው!" አለች እናቴ። "እባክሽ፣ አሁን አታውልቂው!"

አወለቀችው። ያየሁትን ዛሬም በቃል መዘርዘር አልሻም። በመጽሔቱ ውስጥ ከጭንብሉ በታች ምን እንዳለ አንድም ቀን ታይቶ አያውቅም፤ እኔ አየሁት ብዬ አመንኩ። ጮህኩ። ጩኸቴ ከአፌ የሚወጣ ሳይሆን ከግድግዳው የሚመጣ መሰለኝ።

ፊቴን ካየች ታውቀኛለች ብላ ነበር ያወለቀችው። ብዙ ዓመት ቆይታ ራሷ ነገረችኝ፤ እቤቷ መስታወት አልነበረም፣ ምን እንደምትመስል በደንብ አታውቅም ነበር። ያወቀችው በእኔ ጩኸት ነው።

ግድግዳ ተጠግቼ ቆሜ፣ ጭንብሉን ለማጥለቅ ስትታገል አየኋት። ጓንት ያጠለቁት ጣቶቿ ማሰሪያውን መያዝ አቃታቸው። እናቴ ሄዳ ከኋላዋ ቆመች፤ የትምህርት ቤት ቀሚሴን አዝራር እንደምትቆልፍልኝ አድርጋ፣ ቀስ ብላ አሰረችላት። ስትጨርስ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች።

"እናገራለሁ" አለች።

ወየው፣ ተሸነፈች አልኩ በሆዴ። ምስጢሩን አስወጣት።

በፍርድ ቤቱ ቀን እኛን የምታስቀምጥበት አጥታ ይዛን ሄደች። ባሏ ከሥራ የተባረረባት ሴት አልመጣችም። እኔና ወንድሜ ረዥሙ ኮሪደር ላይ፣ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ እናቴ ትልቁን በር ከፍታ ገባች። "ፊት የለሹ ላይ ሊፈርዱ ነው?" አልኩት። ወንድሜ ጥፍሩን እየበላ ነበር። በበሩ ስንጥቅ የእናቴ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ቀጠነ፤ ከዚያ ጠነከረ። "በዐይኔ አይቻለሁ" ስትል ሰማኋት። "ቁልፉን ኪሱ ሲከት አይቻለሁ።" አንድ ሰው አቋረጣት። ደግማ ተናገረችው።

ረዥም ጊዜ ቆየ። ኮሪደሩ ላይ የሰው ላብና የወለል ሰም ይሸታል። በመጨረሻ በሩ ተበረገደና ሰው ወጣ። አንዳንዱ ያለቅሳል፤ አንዳንዱ ያጨበጭባል። "ነፃ ወጣ! ነፃ ወጣ!" ይላሉ። መሃላቸው ያ መጽሔት ያመጣልን ደግ ሰው አለ፤ ያቅፉታል። ገባኝ፤ ፊት የለሹ ጠልፎት ነበር፣ አሁን አስለቀቁት! ዘልዬ ተነሳሁና አጨበጨብኩ። በአጠገቤ ሲያልፍ አየኝና ቆም አለ።

"ጎበዝ" አለኝ። "መጽሔቶቹን ጨረስሻቸው?"

መልሴን አልጠበቀም። ከኋላዬ የደረሰችውን እናቴን እያየ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ "ደህና ግቡ" አላት። "መንገዱን ተጠንቀቁ።"

የእናቴ እጅ አንገቴ ላይ አረፈ፤ በረዶ ነበር። ቀና ብዬ ሳያት ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ያን ጊዜ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ማጨብጨቤን አቆምኩ።

ሰንሰለቱ ከቃጠሎው ሥፍራ ጠፍቷል። ዘበኛው በሩ ክፍት ነበር ብሎ ምሏል። እትዬ ወፊቱ ማን እንደቆለፈው ስላላየች ለምስክርነት አልተጠራችም፤ የአንዲት ቆራጭ ቃል ብቻውን አይበቃም ተባለ። ሰውየው በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ሌላ ፋብሪካ ከፈተ፤ ሸምግሎ፣ በልጅ ልጆቹ ተከቦ፣ አልጋው ላይ ሞተ። ከወንዝ መውጣትም፣ መስኮት መገንጠልም አላስፈለገውም፤ ያለ ጭንብል፣ በቀን፣ በዋናው በር ነው የወጣው።

እኛ ከፍርዱ በነጋታው ጠዋት ከተማውን ለቀቅን። የያዝነው ሁለት ሻንጣና አንድ የድስት ጥቅል ነው። አውቶቡሱ ውስጥ እናቴና ወንድሜ ከፊት ተቀመጡ። እኔን ከኋላቸው፣ ከመስኮቱ በኩል ከተቀመጠችው ከእትዬ ወፊቱ ጎን አስቀመጡኝ፤ እሷም ከእኛ ጋር ልትኖር ነበር። "እሷ ናት፣ አውቀሻታል?" አለችኝ እናቴ ዞራ። አንገቴን ነቀነቅኩ፤ ውሸቴን ነው። የወንበሩን ጠርዝ ይዤ ወደ መተላለፊያው ተጣበቅኩ፤ ክርኗ እንዳይነካኝ ትንፋሼን ሳይቀር ሰበሰብኩ።

ፀሐይ ወጣች። አውቶቡሱ እንደ ምድጃ ጋለ። ከጭንብሉ ጠርዝ ላብ ሲንጠባጠብ አየሁ። ብዙ ከታገሰች በኋላ ጎንበስ አለችና፣ በዚያ አሸዋ በሆነው ድምፅ፣ "ላውልቀው? ሙቀቱ ገደለኝ" አለችኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ፈቃድ የጠየቀኝ ትልቅ ሰው አልነበረም። "ቆይ" አልኩና ዐይኔን ጨፈንኩ። "እሺ። አሁን።"

ማሰሪያው ሲላቀቅ ሰማሁ። እፎይ ስትል ሰማሁ። ቆይቼ ዐይኔን ከፈትኩ፤ መጀመሪያ ጉልበቷን አየሁ፣ ከዚያ ትከሻዋን፣ ከዚያ ጆሮዋን፤ ግማሹ የለም። ቀስ ብዬ ወደ ላይ ቀና አልኩ። እሷ ግን እኔን አታይም። በመስኮቱ ወደ ኋላ ነው የምታየው፤ ጣቶቿ መጋረጃውን ጨምድደዋል።

"ያቺን ጥቁር መኪና ታያታለሽ?" አለችኝ። "ከተነሳን ጀምራ አልተለየችንም።"

አየኋት። አውቶቡሱ ሲፈጥን ትፈጥናለች፤ ሲቀዘቅዝ ትቀዘቅዛለች።

"ፈራሽ?" አልኳት።

"በጣም። አንቺስ?"

"እኔም።"

"በይ እንግዲያው ተጠጊኝ" አለች፤ "አብረን እንፍራ።"

ተጠጋኋት። መኪናዋ መገንጠያው ጋ ደርሳ ወደ ሌላ መንገድ እስክትታጠፍ ድረስ፣ እጇን ይዤ፣ ፊቷን ፊቴ ላይ አስደግፌ፣ ያቺን መኪና ብቻ ሳይ ቆየሁ።